ስልክዎ የሚያሳይዎትን ማን መረጠው? የተበጀ መረጃን ፈትሾ ለማስተካከል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ማታ ዩቲዩብን በየስልካቸው ሲከፍቱ፣ ለአንደኛው የሚመጣለት የፖለቲካ ትንታኔ ሌላኛው ዘንድ ጨርሶ የለም፤ ለዚያኛው የሚደረደርለት የእግር ኳስ ወሬና የንግድ ምክርም ወደዚህኛው አይደርስም። ሁለቱም ያዩትን «የዛሬው ወሬ» ብለው ይይዙታል፤ በማግሥቱ ሲነጋገሩ ደግሞ አንዱ የሌላውን አለማወቅ ይገርመዋል። ልዩነቱ የመጣው ድርጅቶቹ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ይስማማዋል ብለው የገመቱትን እየመረጡ ስለሚያቀርቡ ነው፤ ይህ አሠራር ለግል ማበጀት ይባላል።

የዚህ መመሪያ ዓላማ የሚያዩት መረጃ በምን እንደሚወሰን በራስዎ ስልክ ላይ እንዲፈትሹና እንዲያስተካክሉ ማገዝ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ድርጅቶቹ የሚከተሉት «እፈልጋለሁ» የምንለውን ሳይሆን ዓይናችን የቆየበትን ነው። አንድ ሰው የጥላቻ ንግግር እንደሚያስጠላው መቶ ጊዜ ቢናገርም፣ የሚያስጠላውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው እየተቆጣ ካየ ስልኩ የሚመዘግበው ማየቱን እንጂ መጥላቱን አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተመሠረቱት በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ የምንተወው አሻራ ካልተለወጠ የሚቀርብልንም አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚመዘገብ ይወቁ

ጉግል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 አካውንት ለሌላቸው ወይም ላልገቡ ሰዎች ጭምር የፍለጋ ውጤትን ማበጀት ጀመረ። ይህን ያደረገው በብራውዘሩ ውስጥ በሚቀመጥ ኩኪ (ተጠቃሚውን በሚለይ ትንሽ ፋይል) አማካይነት እስከ 180 ቀን የሚደርስ የፍለጋ ታሪክን እያየ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፍለጋ ውጤትን በብዛት የሚለያየው የሚገኙበት ቦታና የሚጠቀሙበት ቋንቋ ሲሆን፣ ያለፈ ታሪክዎ የሚኖረው ሚና ከማኅበራዊ ሚዲያው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ትልቁ ማበጀት ያለው ሳንጠይቅ በሚቀርቡልን ነገሮች ላይ ነው።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮዎችን በተከፈቱበት ብዛት መመዘኑን ትቶ ሰዎች ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩባቸው ወደ መመዘን ዞረ። ቲክቶክም በ2020 ስለ አሠራሩ ባወጣው ማብራሪያ፣ ረዘም ያለ ቪዲዮን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ከባድ ሚዛን የሚሰጠው ምልክት መሆኑን፣ የስልኩ ዓይነት፣ ቋንቋና አገር ደግሞ ቀለል ያለ ሚዛን እንዳላቸው ገልጿል። በሁለቱም ዘንድ ላይክ ከማድረግ ይልቅ ዝም ብሎ መቆየት ብዙ ይናገራል ማለት ነው።

የፌስቡክ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የቀድሞ ሠራተኛ በ2021 ይፋ ባወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች እንደታየው፣ ድርጅቱ ከ2017 ጀምሮ የልብ፣ የሳቅ፣ የግርምት፣ የሐዘንና የቁጣ ምልክቶችን ከተራ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝናቸው ነበር። የቁጣው ምልክት ሚዛን ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አንድን ጽሑፍ «አናደደኝ» ብሎ መጫን ጽሑፉን ለሌሎች ሰዎች የበለጠ እንዲደርስ ማገዝ ነበር። ሃውገን በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ያነሣችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ጊዜ አገራችን ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ቁጣም በየስልኩ ሞልቶ ነበር። ይህን ጉዳይ እንደ ቴክኒክ ብቻ ማየት የሚከብደኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ ከሌላ ሰው ጋር ሆነው ይፈትሹ

ማበጀትን ብቻውን ሆኖ ማየት አይቻልም፤ የቀረበልዎትን እንጂ ያልቀረበልዎትን አያዩምና። ስለዚህ በአስተሳሰብ፣ በዕድሜ ወይም በሚኖርበት አገር ከእርስዎ የሚለይ አንድ ሰው ይፈልጉ። አዲስ አበባ ያለች እኅትና ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ለዚህ በጣም ይመቻሉ።

መጀመሪያ ሁለታችሁም የዩቲዩብን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱና ምንም ሳትነኩ ከላይ ያሉትን አሥር ቪዲዮዎች ርዕስና ቻናል በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በፌስቡክም እንዲሁ አድርጉ። ቀጥሎ በጉግል ላይ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦ አንዱ ቁጥር የሚጠይቅ ይሁን፣ ለምሳሌ «የዶላር ምንዛሪ ዛሬ»፤ አንዱ የጤና ጥያቄ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ሰዎች የሚከራከሩበት ወቅታዊ ጉዳይ ይሁን። ፊደሉ ሳይቀር አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ፤ በ«ፀ» እና በ«ጸ»፣ በ«ሠ» እና በ«ሰ» የተጻፈ ቃል የተለያየ ውጤት ሊያመጣ ስለሚችል፣ የፊደል ልዩነቱን የማበጀት ውጤት አድርጎ መውሰድ ፈተናውን ያበላሸዋል። ቪፒኤን (ሌላ አገር ያላችሁ የሚያስመስል አፕ) የበራ ከሆነ አጥፉት። በመጨረሻም እነዚያኑ ሦስት ፍለጋዎች በብራውዘሩ የኢንኮግኒቶ (ያለፈ ታሪካችሁን በማይጠቀመው) ገጽ ላይ ድገሙ።

አሁን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። የዶላሩ ፍለጋ በሁለቱ አገሮች ቢለያይ አትደነቁ፤ ቦታችሁ ነው የለየው፣ ኢንኮግኒቶም ቢሆን የኢንተርኔት አድራሻን ስለማይደብቅ ልዩነቱን አያጠፋውም። የሁለቱ ሰዎች የኢንኮግኒቶ ውጤት ተመሳስሎ በመደበኛው ገጽ ላይ ከተለያየ ግን ታሪካችሁ ሥራውን ሠርቷል። በዩቲዩብና በፌስቡክ ዝርዝሮች ላይ ደግሞ የሚፈለገው ተመሳሳይነት አይደለም፤ በሌላው ዘንድ ተደጋግሞ የመጣና በእናንተ ዘንድ አንድ ጊዜ እንኳ ያልታየ ርዕሰ ጉዳይ ካለ አክብቡበት። መጉደሉን የሚያሳይ ይህ ክበብ ነውና ለሚቀጥሉት ደረጃዎች ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ስለ እርስዎ የተያዘውን መዝገብ ይክፈቱ

በጉግል አካውንትዎ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ፕራይቨሲ» የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ «ማይ አክቲቪቲ» የተባለውን ገጽ ያገኛሉ። በዚያ ገጽ የፈለጓቸው ቃላትና ያዩዋቸው ቪዲዮዎች በቀንና በሰዓት ተደርድረው ይገኛሉ። ቸኩለው አይዝጉት፤ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰው የሌሊቱን ሰዓት ይመልከቱ። ብዙ ሰው ቀን የሚፈልገውና እንቅልፍ ሲያጣ የሚያየው ነገር የተለያየ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለቱም እኩል ምስክር ናቸው። «ማይ አድ ሴንተር» የተባለው ክፍል ደግሞ ጉግል ለማስታወቂያ ሲል ዕድሜዎን፣ የትምህርት ደረጃዎንና የሚወዷቸውን ጉዳዮች ምን ብሎ እንደገመተ ያሳያል።

በፌስቡክ ላይ ከማንኛውም ማስታወቂያ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ለምን ይህ ታየኝ» የሚለውን ማብራሪያ ማንበብ ይቻላል። በሴቲንግ ውስጥ ደግሞ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ከሆነው ከሜታ አፖች ውጭ ያደረጉትን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ክፍል አለ፤ ፌስቡክን ሳይከፍቱ የጎበኟቸው ድረ ገጾችና የተጠቀሙባቸው አፖች ስለ እርስዎ የላኩትን መረጃ የሚያዩት እዚያ ነው። ከእነዚህ ገጾች ሁሉ ሰውን በብዛት የሚያስደነግጠው ይህ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አንባቢዎች፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለራስ የተያዘን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውን የማስተካከልና የማስጠፋት መብትን እንደሰጠ መታወቅ አለበት። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ደረጃ 4፦ መርጠው ያጥፉ

ሁሉንም ታሪክ በአንድ ጊዜ ማጥፋት ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው አልመክረውም። ከባዶ የሚጀምር አካውንት የሚቀርብለት በአገሩና በቋንቋው ብዙ ሰው የሚያየው ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያየው ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም። ይልቅስ በዩቲዩብ ታሪክ ውስጥ ገብተው እንዲደገምልዎ የማይፈልጉትን አንድ በአንድ ያውጡ። ቀጥሎ አሮጌ መዝገብ በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ ያዝዙ፤ ጉግል 3 ወር፣ 18 ወር እና 36 ወር የሚሉ ምርጫዎችን ስለሚሰጥ ሦስት ወሩን ይምረጡ።

የዩቲዩብን የእይታ ታሪክ ጨርሶ ማስቆምም ይቻላል። ከኦገስት 2023 ወዲህ ታሪኩን ያስቆመና ቀድሞ የተጠራቀመ መዝገብ የሌለው ሰው የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ይሆንበታል፤ የሚያገኘው የፍለጋ ሳጥንና ሰብስክራይብ ያደረጋቸውን ቻናሎች ነው። የሚፈልገውን አውቆ ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አላውቅም። ቲክቶክ ከ2023 ጀምሮ «ፎር ዩ» የሚባለውን ገጽ እንደ አዲስ የማስጀመር ምርጫ በኮንቴንት ፕሪፈረንስ ሥር አስቀምጧል፤ ኢንስታግራምም ተመሳሳዩን አድርጓል።

ደረጃ 5፦ የሚሠራውን ቁልፍ ይጫኑ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚደክምበት ነው፤ ምክንያቱም ቁልፎቹ ሁሉ እኩል አይሠሩም። ሞዚላ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ20 ሺህ በላይ ፈቃደኛ የዩቲዩብ ተጠቃሚዎችን መረጃ ይዞ ባወጣው ጥናት፣ «ይህን ቻናል አትምከረኝ» የሚል መልእክት ያለው ቁልፍ ካልተፈለጉት ምክሮች 43 በመቶውን አስቀርቷል። ቪዲዮውን ከታሪክ ማጥፋት 29 በመቶውን ሲያስቀር፣ ዲስላይክ 12 በመቶውን፣ «ኖት ኢንተረስትድ» ደግሞ 11 በመቶውን ብቻ ነው ያስቀሩት። ብዙዎቻችን የምንጫናቸው ግን እነዚህን ሁለት ደካሞች ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት እናት የስኳር በሽታ አለብዎት ተብለው ከሐኪም ቤት ተመለሱ እንበል። ማታ በዩቲዩብ ላይ «የስኳር በሽታ ምግብ» ብለው ይፈልጋሉ፤ የሐኪም ማብራሪያ ይመጣላቸዋል፣ ግማሹን አይተው ይተዉታል፤ ንግግሩ ከብዷቸዋልና። ከሥሩ «ስኳርን በ15 ቀን የሚያጠፋ ቅጠል» የሚል ቪዲዮ አለ። ተናጋሪው በሚገባቸው አማርኛ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እናቴ» እያለ ይናገራል፤ እስከ መጨረሻው ያዩታል። በማግሥቱ ዩቲዩብን ሲከፍቱ ሐኪሙ የለም፤ ሦስት የቅጠል ቪዲዮዎች ተደርድረዋል። በሳምንቱ መጨረሻ መድኃኒት አቁሙ የሚል ሰው ገጻቸው ላይ ቢደርስ ማንም አልላከውም፤ ሐኪሙን በግማሽ ትተው ቅጠሉን መጨረሳቸው ነው የጠራው። በአማርኛ የተዘጋጀ አስተማማኝ የጤና ቪዲዮ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት መሆኑ ደግሞ ማሽኑ የሚመርጥበትን ክምችት ያጠበዋል፤ በእንግሊዝኛ የሚፈልግ ሰው ሐኪሙን ትቶ ቢያልፍ ሌላ ሐኪም ይመጣለታል፣ በአማርኛ ግን ቀጥሎ ያለው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ነው።

እኚህን እናት የምንረዳቸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የቅጠል ቪዲዮዎቹን በሙሉ ከታሪካቸው እናወጣለን። ቀጥለን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቀሩትን ቻናሎች በሦስቱ ነጥቦች በኩል «ይህን ቻናል አትምከረኝ» እያልን እናስቀራለን፤ ይህን ስናደርግ ቪዲዮውን ሳንከፍት መሆን አለበት፣ ለመቃወም ብሎ መክፈትም መክፈት ነውና። ከዚያ ንግግሩ ቀለል ያለ አንድ ወይም ሁለት የታወቀ ሐኪም ቻናል ፈልገን ሰብስክራይብ እናደርጋለን፣ ከቻናሎቹም ጥቂት ቪዲዮዎችን አብረን ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው እናያለን። አብሮ ማየቱ ዋናው ነው፤ ማሽኑ የሚያምነው የቆየንበትን ጊዜ ነው ብለናል፣ እናትየውም ከብዷቸው የተዉት ነገር ሲብራራላቸው ይከተሉታል።

በፌስቡክ ላይ ደግሞ በተናደዱበት ጽሑፍ ሥር ኮሜንት መጻፍ ያቁሙ። ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት የተጻፈ ኮሜንትም ለማሽኑ ተሳትፎ ነው። ጽሑፉ አደገኛ ከሆነ ሪፖርት ያድርጉት፤ ማስተባበያ ካለዎት በራስዎ ገጽ ላይ፣ ዋናውን ሼር ሳያደርጉ ይጻፉት።

ደረጃ 6፦ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚታየውን ገጽ ይጠቀሙ

ፌስቡክ ከ2022 ጀምሮ «ፊድስ» የሚባል ገጽ አለው፤ በሜኑ ውስጥ ገብተው ከከፈቱት የጓደኞችዎንና የሚከተሏቸውን ገጾች ጽሑፎች አዲሱን አስቀድሞ ያሳያል። ኢንስታግራምና ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) የሚከተሏቸውን ሰዎች የሚያሳዩ «ፎሎዊንግ» የሚሉ ገጾች አሏቸው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚኖሩ አንባቢዎች ከኦገስት 2023 ወዲህ ተጨማሪ መብት አላቸው፤ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ትልልቆቹ መድረኮች በተጠቃሚው ማንነት ላይ ያልተመሠረተ ቢያንስ አንድ ምርጫ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

ይህ ግን ሁሉን ይፈውሳል ማለት አይደለም። በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ተመራማሪዎች ከሜታ ጋር ሆነው የብዙ ተጠቃሚዎችን ፌስቡክና ኢንስታግራም ለሦስት ወራት በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲታይ አድርገው ነበር። ውጤቱ በ2023 ሲታተም፣ ሰዎቹ በመድረኮቹ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቢቀንስም የፖለቲካ አቋማቸው የጎላ ለውጥ አላሳየም፤ እንዲያውም ከማይታመኑ ምንጮች የሚመጣ ጽሑፍ በገጻቸው ላይ ጨምሮ ተገኝቷል። ይህን ውጤት የማነሣው፣ ጥፋቱን በሙሉ በአልጎሪዝም (የምናየውን በሚመርጠው የኮምፒውተር ቀመር) ላይ የሚጭን ሰው ቅንብሩን ለውጦ «ጨረስኩ» እንዳይል ነው። የተከተልናቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ከቅደም ተከተሉ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ከመዞርዎ በፊት የሚከተሉትን ዝርዝር ያጽዱ።

ደረጃ 7፦ የፍለጋ ልማድዎን ያስተካክሉ

ጥያቄ ስንጽፍ መልሱን አብረን እንጽፋለን። «ክትባት የሚያመጣው ጉዳት» ብሎ የፈለገ ሰው ጉዳት ይዘረዘርለታል፤ «ክትባት እንዴት ይሠራል» ብሎ የፈለገ ሌላ ነገር ያነብባል። ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥምዎ ጥያቄውን በሁለቱም ወገን ይጻፉ፣ በተለያየ ፊደል ይሞክሩ፣ የሚችሉ ከሆነም በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይድገሙት። ታሪክ የማይዘው ዳክዳክጎ የተባለው የፍለጋ ገጽ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ ተገድበው በነበረበት ጊዜ የተጫነ ቪፒኤን ስልክዎ ላይ አሁንም የሚሠራ ከሆነ፣ መድረኮቹ ሌላ አገር ያሉ ሊመስላቸው እንደሚችል ያስታውሱ። የማያውቁት አገር ማስታወቂያና ወሬ ድንገት ከበዛብዎ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት አዳዲስ ረዳቶችም ቀድሞ የነገሯቸውን እያስታወሱ መልሳቸውን ለእርስዎ ያበጃሉ። ማስታወሻውን በሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ወይም በጊዜያዊ ውይይት መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ማንም የማይመርጥልዎትን መንገድ ያዘጋጁ

በየቀኑ ሊያውቁት የሚገባዎትን ነገር ከማኅበራዊ ሚዲያ መጠበቅ የለብዎትም። የሚያምኗቸውን ሁለት ሦስት የዜና ድረ ገጾች በብራውዘርዎ ቡክማርክ ያድርጉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከእርስዎ አመለካከት የሚለይ፣ ግን ስሙን ገልጦና ምንጭ ጠቅሶ የሚጽፍ ይሁን። የባንክ ምንዛሪን ከባንኩ ገጽ፣ አዋጅን ከነጋሪት ጋዜጣው፣ የፈተና ውጤትን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በቀጥታ የማየት ልማድ ይያዙ። በደረጃ 2 ያከበቡበት የጎደለ ርዕስ ካለ፣ የሚከታተለውን አንድ ቻናል አሁን ይጨምሩ።

ቴሌግራም በዚህ ረገድ ለየት ይላል። ቻናሎቹ የሚለጥፉት በጊዜ ቅደም ተከተል ይደርስዎታል፤ ማስታወቂያዎቹም በቻናሉ ርዕስ እንጂ በእርስዎ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ እንዳልሆኑ ድርጅቱ ይገልጻል። ይሁን እንጂ ሰው ራሱ አንድ ወገን ብቻ መርጦ ሃያ ቻናል ከተቀላቀለ፣ አንድ ወሬ በሃያ ቦታ ሲደጋገም ሃያ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል። አንድ መልእክት በብዙ ቻናል ሲደርስዎ ከላይ «ፎርዋርድድ» ከሚለው ጎን ያለውን ስም ያንብቡ፤ ሁሉም ከአንድ ቻናል የወሰዱት ከሆነ ምንጩ አንድ ነው።

ደረጃ 9፦ የጋራ ስልክና ቴሌቪዥን ካለ ይለያዩ

ሳሎን ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ የአባት አካውንት ተከፍቶ ልጆች ካርቱን፣ እንግዶች ዘፈን፣ አያት ስብከት የሚያዩ ከሆነ፣ የአባትየው ስልክ የሚያቀርብለት የቤተሰቡን ድምር ነው፤ በተቃራኒውም አባት ሌሊት በስልኩ ያየው የጦርነት ቪዲዮ ቀን ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ ከፊታቸው ሊቀርብ ይችላል። ለቴሌቪዥኑ የማንም ያልሆነ ለብቻው አካውንት ይክፈቱ። ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች ዩቲዩብ ኪድስን ጫኑላቸውና በራሳችሁ የመረጣችኋቸውን ቻናሎች ብቻ እንዲያሳይ አድርጉት። እንግዳ ስልክዎን ለአፍታ ሲዋስዎ ደግሞ በዩቲዩብ አፕ ውስጥ የፕሮፋይል ምልክትዎን ተጭነው ኢንኮግኒቶውን ያብሩለት፤ ሲመልስልዎ ማጥፋቱን አይርሱ፣ አለበለዚያ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያዩት የራስዎ ምርጫም አይመዘገብም።